ጋቢው የማን ነው?

እሑድ፣ መስከረም 29 ቀን 1970

ቀሚሱ መጣ። ለስምንት ሴት ስምንት ቀሚስ፣ ሁሉም በአንድ ልክ፣ ሁሉም ከአዲስ አበባ። ማንን ለክተው እንደሰፉት እግዜር ይወቅ። እጅጌው ብብቴ ሥር ይይዘኛል፣ የደረቱ ጥለት ደርቆ አንገቴን ይፍቀኛል፣ ርዝመቱ ደግሞ ጀልባ ላይ ስወጣ እግሬን ይጠልፈኛል። አብራኝ የምትሠራው ውዴ ግን በልኳ የተሰፋላት መስላለች። እሷ ጆንያ ቢያለብሷትም ያምርባታል።

ሆቴሉ የቀጠረኝ ለእንግሊዝኛዬ ነበር። አሁን ቀሚሱ ከእንግሊዝኛዬ ይበልጣል። ቡልጋሮቹ፣ ሩሲያውያኑ፣ ምሥራቅ ጀርመኖቹ ከአውሮፕላን ወርደው ጣናን ሳያዩ እኔን ያያሉ። አይሞቅሽም? ለመልበስ ስንት ሰዓት ይፈጅብሻል? ጥለቱ ትርጉም አለው? ቤትሽም እንዲህ ነው የምትለብሽው? እየጠየቁ ነጠላዬን በጣታቸው ይዳብሳሉ። ኃላፊያችን ጓድ አስማማው መልሱን በታይፕ አስመትቶ አድሎናል። «ልብሱ አይሞቅም ወይ? ጥጥ በመሆኑ ለአየር ጠባያችን የተስማማ ነው። ማን ሠራው? ቀድሞ ጭቁን የነበሩ፣ ዛሬ በማኅበር የተደራጁ ሸማኔዎች።» ከግርጌው በእስክሪብቶ ጨምሮበታል፦ «ስለ ቤተሰብ ከተጠየቅሽ፣ ደህና ናቸው በይ።»

ደህና ናቸው። እማዬ ደህና ናት። ሹም አቦ ያለችው ቤታችን አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ናት፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጓዳው ውስጥ እንግዳ አለ። ስሙን እዚህ አልጽፍም። የእናቴ ልጅ ነው፣ ታናሼ ነው፣ ከዩኒቨርሲቲ ሸሽቶ ነው የመጣው፣ እየፈለጉት ነው። ይኸው ሁሉን ጻፍሁት፣ ስሙ ብቻ ቀረ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 2

ቀሚሱን አሸነፍሁት። ብብቱን ተርትሬ የአቡጀዲ ቁራጭ ጨመርሁበት፤ ደረቱንም ከውስጥ በአቡጀዲ ለበድሁት፣ አሁን አይፍቀኝም። ጀልባ ላይ ስወጣ የፊቱን ጫፍ በመርፌ ቁልፍ ሰብስቤ እይዘዋለሁ። መቀነቱን ወገቤ ላይ ሳይሆን ዝቅ አድርጌ ስታጠቀው ቁጭ ስል ሆዴን አያስጨንቀኝም። ውዴ አይታ ሳቀችብኝ፤ ከሰዓት በኋላ የእሷንም ሥሪልኝ ብላ መጣች። ጓድ አስማማው አላወቀም። ቢያውቅ የመንግሥት ንብረት ቀደድሽ ይለኝ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 6

እንግዳው ጋቢውን አቃጠለው። ብርሃን እንዳይታይ ብሎ ኩራዙን ጋቢ ውስጥ አስገብቶ ሲያነብ። ቤቱ ይዞን ሊነድ ነበር!

ይቺን ጋቢ እማዬ ዓመት ሙሉ ፈትላ ነው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ያሠራችለት። የመዳፍ ያህል ተቃጥላለች። ነጭ ክር አጥቼ ከቀሚሴ ጥለት በተረፈ ቀይ ክር ጣፍሁት። እማዬ «በነጭ ላይ ቀይ? ምን ያለ ዓይን ነው ያለሽ አንቺ?» ብላ ተቆጣች። እሱ ሳቀ። ከመጣ ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ነው።

ጋቢው ላምባ ላምባ ይሸታል። እማዬ «ቤት ውስጥ እጠቢው፣ ደጅ እንዳታወጭው» ብላኛለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 9

ዛሬ ተረኛ አልነበርሁም፤ ጋቢውን ከጊዮርጊስ በታች ሐይቁ ዳር አጠብሁት። ጋቢ ቤት ውስጥ ለማጠብ ስምንት እንስራ ውሃ መቅዳት ያስፈልጋል። ሰነፍሁ። በዚያ ላይ ዳሩ በአጣቢ ሴት የተሞላ ነው፣ የማንን ጨርቅ ማን ያያል ብዬ ነው።

እንዶዱን ስወቅጥ አንዲት ሴት አጠገቤ ቁጭ አለች። ንጹሕ ሴት፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ የምታጥበውም አልያዘችም፣ እግሯን ብቻ ውሃ ውስጥ ነከረች። ሆቴል አይታኝ ኖሯል።

«ያ ቀሚስ እንዴት ያምርብሻል! አይከብድሽም?» አለችኝ። ስለ አቡጀዲው ነገርኋት፣ ተሳሳቅን። ደግ ጨዋታ ነበር።

«ይኸስ እንዴት ያለ ጋቢ ነው! ፈትሉ የማን ነው?»

«የእናቴ።»

«እጃቸው ይባረክ። ጋቢውስ የማን ነው?»

በቤታችን ሁለት ሴቶች ብቻ እንዳለን ቀበሌው ያውቃል፤ ጋቢው ደግሞ የወንድ ነው። «የአባቴ ነው» አልሁ።

«አሉ እንዴ አባትሽ?»

አሉ ማለት ነበረብኝ። አፌ እንቢ አለኝ። መሪጌታ ወልደ ገብርኤልን ቀብሬ፣ ተዝካሩን በልቼ፣ አለ ብል አጥንቱ የሚወቅሰኝ መሰለኝ። «አርፈዋል፣ ሦስት ዓመታቸው ነው» አልሁ።

«ነፍስ ይማር» አለች፣ ከልቧ ነው የመሰለኝ። ቀጥላ፣ «ልብሳቸውን ለነፍስ አባታቸው አልሰጣችሁም? በእኛ አገር አርባው ሳያልፍ ነው የሚሰጠው» አለች።

«ይቺን አስቀረናት። ለማስታወሻ።»

«ይገባኛል» ብላ ተነሣችና የጋቢውን አንድ ጫፍ ያዘችልኝ። እሷ ወዲያ እኔ ወዲህ ሆነን ጠመዘዝነው። ጠንካራ እጅ አላት። ቤትሽ ሩቅ ነው ወይ ስትለኝ ሹም አቦ አልኋት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 10

ስለ ሴትዮዋ ለእማዬ አልነገርኋትም። ምን የሚነገር አለው? የጨርቅ ወሬ ነው። የደብተራ ቤት ሆነን የሙት ጋቢ አስቀረን ማለቴ ብቻ ትንሽ ከነከነኝ። የአባዬን ልብስ ለነፍስ አባታችን ለአባ ተክለ ጊዮርጊስ እስከ ቁምጣው ድረስ ነው የሰጠነው፤ የማይሰጥ ሰው የለም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

ሴትዮዋ ግን አገሯ ሩቅ ይሆናል። እኛ ጋ ያለውን ልማድ አታውቅም። «በእኛ አገር» ነው ያለችው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 14

ወሰዱት። ሊነጋ ሲል። አምስት ናቸው።

አምሐ። አምሐ ወልደ ገብርኤል። አሁን ስሙን ብጽፈው ምን ይመጣል?

ማንንም አልጠየቁም። ቤቱን አልፈተሹም። ቀጥ ብለው ወደ ጓዳው ነው የገቡት። አንዱ በሩ ላይ «ጋቢህን ያዝ፣ ብርድ ነው» አለው።

ጋቢህን አለ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 23

እማዬ ጠዋት ጠዋት ምሳ ዕቃውን ይዛ እስረኞቹ ወዳሉበት ቀበሌ ትሄዳለች፣ በማግስቱ ባዶውን ይዛ ትመለሳለች። ባዶ አይባልም እንኳ። አምሐ ከልጅነቱ የእንጀራ ጠርዝ አይበላም፤ አባዬ እንኳ ገርፎ አላስተወውም። ምሳ ዕቃው ሲመጣ ጠርዙ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተቀምጧል። እማዬ እሱን አይታ ነው የምትቀመጠው።

ዛሬ እኔ ወሰድሁ። ስንቅ የምትቀበለው ያቺ ሐይቅ ዳር ያገኘኋት ሴት ናት። ጓዲት ፀሐይወርቅ ይሏታል። ክዳኑን ከፍታ በማንኪያ ወጡን አማስላ ዘጋችው። «ደህና ነሽ? እናትሽ ደህና ናቸው?» አለችኝ፣ እንደዚያን ቀኑ በደግ ፊት። ደህና ናቸው አልሁ። የሆቴሉ መልስ አፌ ላይ ቀርቷል።

ባሕር ዳር ትንሽ ከተማ ናት። ሰው ሁለትም ሦስትም ጊዜ ይገናኛል። ከዚህ ሌላ ምንም ነገር የለበትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 9

ሁለት አውሮፕላን እንግዳ። ማዕበል ነበር፣ ነጠላዬ ርሶ ሾቀ። አንዲት ቡልጋር ሴት በመሐረቧ ልታደርቅልኝ እየታገለች እኅት ወንድም አለሽ ወይ አለችኝ። ጓድ አስማማው አጠገባችን ቆሟል። «ደህና ናቸው» አልሁ። ሴትዮዋ ግራ ገባት፤ እሷ የጠየቀችው አለሽ ወይ ብላ ነው።

ስንወርድ ጓድ አስማማው ወደ ጎን ጠራኝ። ሲጋራውን ሁለት ጊዜ ለኩሶ ሁለት ጊዜ ጠፋበት። «ስሚኝ፣ ሰገነት። ወንድም እንዳለሽ አንቺ አልነገርሽኝም፣ እኔም አልሰማሁም። ልጆች አሉኝ። ተግባባን?» ተግባባን አልሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይፈራል።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስገባ ውዴ ለሌላዋ ልጅ «ከውጭ አይደለም አሉ፣ ከዚያው ከቤታቸው በወጣ ወሬ ነው የተያዘው» ስትል ሰማኋት። ሲያዩኝ ስለ ካልሲ ማውራት ጀመሩ።

ከቤት። ከቤት ማን አለ? እማዬና እኔ ነን።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። አባዬ ነበር የሚላት፣ ሲቆጣኝ። ደግሞስ እኔ ምን አወጣሁ? የአባቴ ነው አልሁ እንጂ የወንድሜ ነው አላልሁም! አንድ ጊዜ እንኳ የወንድሜ አላልሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 20

እማዬ ዛሬ ከቀበሌ አርፍዳ መጣች። ሥራ ልሄድ ቀሚሴን እየለበስሁ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ጠርዙ የለም ወይ ብዬ ደንግጬ ምሳ ዕቃውን ስከፍት አለ።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«ምን እሆናለሁ። ነዪ፣ ነጠላሽ ተጣሟል።» አስተካከለችልኝ። ጥለቱን በእጇ ወደ ታች እየሳበች፣ እየሳበች፣ የተስተካከለውን ደግማ አስተካከለችው። ውሃ ዳር ካለ ሰው ጋር ወሬ አታብዢ አለችኝ። ሆቴሉን ማለቷ ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 5

ዛሬ ምሳ ዕቃው ሙልጭ ብሎ ተበልቶ መጣ። ጠርዙም ጭምር። ርቦት ይሆናል። ጾም ነው፣ ሽሮ ብቻ ነው የምንልክለት፤ ሰው ሲርበው ጠርዝም ይበላል። እስር ቤት ገብቶ ልማድ የሚመርጥ የለም።

እማዬ ምሳ ዕቃውን ይዛ ወደ ብርሃን ወጣች፣ ውስጡን አየችው፣ በጣቷ ዳሰሰችው፣ አጠበችው። ከሰዓት በኋላ እንዝርቷን አላነሣችም። ለአምሐ ሲፈታ የምትሰጠው አዲስ ጋቢ ጀምራለት ነበር። ጣቷን አሟት ይሆናል፣ በቁሩ ሰሞን ያማታል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 13

እጽፈዋለሁ።

እማዬ ራሷን አሟት እኔ ወሰድሁ። ጓዲት ፀሐይወርቅ ምሳ ዕቃውን አልተቀበለችኝም። ከጠረጴዛው ሥር ጋቢውን አውጥታ አስቀመጠችልኝ። «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጭ» አለች። ቀዩ ስፌት በላይ በኩል ነበር። መቼ ነው አልኋት። «ሳምንት አልፎታል። ለቅሶ የለም። ድንኳን የለም። ነጠላ አዘቅዝቀሽ ብትታይ ለራስሽም ለእናትሽም አይበጅም። የሥራ ቀሚስሽን እንደ ወትሮው ልበሽ።» ከእኔ በኋላ ያሉትን አሮጊት ጠራች።

ሬሳውስ? ብዬ መጠየቅ ያሰብሁት መንገድ ላይ ነው።

ሳምንት ሙሉ ስንቁን ማን ነው የበላው?

ጋቢውን አባዬ መጻሕፍት ሳጥን ውስጥ ከሥር ቀበርሁት። ለእማዬ አዲስ አበባ ወሰዱት አልኋት። «እሺ» አለች። እሺ ብቻ። ምሳ ዕቃውን ከእጄ ወስዳ፣ «ጋቢውን ይዟል? አዲስ አበባ ይበርዳል» አለችኝ።

«ይዟል» አልሁ።

ስለዚያ ጋቢ የዋሸሁት ይኸ ሁለተኛዬ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 29

ገና። እንግዶቹ የሉም። እማዬ ስገድፍ አየችኝ፣ እሷ አልቀመሰችም። ሆዴ አልፈቀደም አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ አምሐ አንስታ አታውቅም። እኔም አላነሣም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ግን ምኑን ታውቃለች? ብታውቅማ ትጮህ ነበር፣ እናት እኮ ናት።

ሳጥኑን አልከፍተውም። ቀዩን ክር ካየሁት እኔ እጮሃለሁ።

እሑድ፣ ጥር 14

እማዬ ማለዳ በታንኳ ዘጌ ሄደች፣ ምግብና ጥቅል ይዛ። «የአባትሽን መታሰቢያ ላደርስ ነው» አለች። አባዬ ያረፈው በሰኔ ነው። እርጅና መሆን አለበት፣ ወር ማምታታት ጀምራለች። ማረም አልፈለግሁም። ማታ ስትመለስ ፊቷ ቀለል ብሎታል፤ ከጥቅምት ወዲህ እንዲህ ሆና አላየኋትም። ደስ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 20

የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ፣ ነገ እንዳይጠፋብኝ።

አሥራ አንድ ጀርመኖች ይዘን ዘጌ ሄድን። ፀሐዩ ያቃጥላል። አንዷ አሮጊት ናት፣ የጨርቅና የሽመና ነገር የምታጠና። መንገዱን ሙሉ ስለ ቀሚሴ ጠየቀችኝ፣ ሁሉንም እንደ ወረቀቱ መለስሁ። ጥጥ ነው፣ አይሞቅም። ማኅበር ነው፣ ሸማኔዎቹ ደስተኞች ናቸው። ላቡ በአቡጀዲው ውስጥ እየወረደ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ አባ ተክለ ጊዮርጊስ ተቀምጠዋል። ጋቢ ለብሰዋል። ልሳለማቸው ጎንበስ ስል ትከሻቸው ላይ ያ ሳጥን ውስጥ የቀበርሁት ቀይ ስፌት ዓይኔ ሥር መጣ።

መስቀሉን ሳልስም ቀረሁ።

«ምነው ልጄ?» አሉኝ፤ ወዲያው ዓይኔ ያረፈበትን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እናትሽ ያለፈው እሑድ አርባውን አወጣች። አብረሽ ያልመጣሽው ሥራ ይዞሽ መስሎኝ ነበር። አልነገረችሽም?»

አርባ። እዚያው ቆሜ ቆጠርሁ። ከጥር 14 አርባ ቀን ወደ ኋላ ስቆጥር ታኅሣሥ 5 ላይ ወደቀ። ጠርዙ የተበላበት ቀን።

ጀርመኗ ተጠጋችና ጋቢውን በጣቷ ነካች። ቀዩ የቤተ ክርስቲያን ምልክት ነው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ አለችኝ። ጠየቅኋቸው። «ቀዩን እኔ አላውቀውም። ለነፍስ የተሰጠኝ ነው በያት» አሉ። ነገርኋት። ጓድ አስማማው ሰዓቱን እያየ መጣ።

«ታዲያ የማን ነበር?» አለችኝ።

ጓድ አስማማው «የአንድ ሟች ነው በያት፣ እንሂድ» አለ።

«የወንድሜ ነው» አልሁ በእንግሊዝኛ። «ስሙ አምሐ ነው። ሃያ ዓመቱ ነበር። ታኅሣሥ ውስጥ ገደሉት። ቀዩን እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ ነጭ ክር አጥቼ።»

ሴትዮዋ እጇን ከጋቢው ላይ አነሣች። ሌሎቹ ፎቶ ማንሳት አቆሙ። ጓድ አስማማው እንግሊዝኛው ብዙ አይደለም፤ ይቺን ግን በደንብ ሰማት። ስንመለስ ጀልባው ላይ ከጎኔ ተቀመጠና ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ «ሰኞ ቀሚሱን አስረክቢ። አሞሻል ብዬ እጽፋለሁ፤ ከዚያ በላይ ከቻልሁ ተመስገን ነው» አለኝ።

እሑድ፣ ጥር 21

እማዬ ትናንት በሩን ስከፍት መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ለካ እኔ ሥራ ስሄድ በየቀኑ በሩን ዘግታ እንዲህ ሆና ነው የምትውለው። ከሰዓቴ በፊት መጥቼባት ነው ያገኘኋት። ልትገለብጠው እጇን ሰነዘረች፣ ከዚያ ተወችው።

አባን አየኋቸው አልሁ። ራሷን ነቀነቀች።

ያን ጊዜ ነገርኋት። ሐይቁ ዳር፣ ስንፍናዬን፣ እንዶዱን፣ ሴትዮዋን፣ የአባቴ ነው ያልሁትን፣ አርፈዋል ያልሁትን። የማይቀር ልብስ ቀረ ብዬ፣ ቤታችን ወንድ አለ ብዬ እኔው እንደነገርኋት። በእጇ እንዳስጠመዘዝኋት። መሬት ላይ ሆኜ ነው የነገርኋት። እማዬ አላለቀሰችም።

ስጨርስ «ነግራኛለች» አለች።

«ማን?»

«ያቺ ፀሐይወርቅ። በኅዳር። ‹ልጅዎ ናት የነገረችን፣ ሳታውቀው› አለችኝ። እንድጠላሽ ይሁን እንዳዝንልሽ ዓላማዋን አላወቅሁትም።»

ነጠላዬን ደጋግማ ያስተካከለችበት ቀን ትዝ አለኝ።

«ለምን ዝም አልሽ? ሁለት ወር ሙሉ!»

«አንድ ልጅ ነው የቀረኝ ብዬ» አለች።

ይቅር ብዬሻለሁም አላለችኝ፣ እኔም አልጠየቅሁም። ዛሬ ጠዋት ቀሚሱን አውልቄ ከውስጥ የሰፋሁትን አቡጀዲ በምላጭ ፈታሁት፤ ቀሚሱ የመንግሥት ነው፣ አቡጀዲው የእኔ ነው። ከዚያ የራሴን ነጠላ አወጣሁና ለማዘቅዘቅ ሞከርሁ። ለአባዬ ጊዜ ሌሎች ናቸው ያለበሱኝ፣ አላውቅበትም። ጥለቱ ወደ ጎን ወረደብኝ።

እማዬ ተነሥታ መጣች። «እንዲህ አይደለም» አለችና ጥለቱን ወደ አንገቴ አወጣችልኝ።